ከዳቦው የሚበልጠው ሥጋ፦ በፍርፋሪ ተለውሶ የሚጠበሰው ሳንድዊች እቤት እንዴት ይሰራል?

ስልካችሁን ከፍታችሁ የምግብ ቪዲዮ ስታዩ ይሄ ሳንድዊች ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ዳቦው መሃል ላይ ትንሽ ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ ሥጋው ግን በአራቱም አቅጣጫ ወጥቶ ሳህኑን ሞልቶታል። ቆርሰው ሲበሉት የ"ቀጭ" ድምፁ ይሰማል። ከዛ ቪዲዮው ያልቃል።

ችግሩ የሚመጣው እቤት ስንሞክረው ነው። ፍርፋሪው ከሥጋው ላይ ተገሽልጦ ዘይት ውስጥ ይቀራል፣ ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል፣ ወይ ደሞ ዳቦው ዘይት ጠጥቶ እጅ ላይ ይንጠባጠባል። በዚህ የዘይት ዋጋ አንድ መጥበሻ ዘይት አበላሽቶ መድፋት ቀልድ አይደለም። የጋለ ዘይት ደሞ ከኪስም አልፎ አካል ይጎዳል።

ስለዚህ ዛሬ አሰራሩን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደዛ እንደሚሰራም እናያለን። ምክንያቱን ያወቀ ሰው በአሳማም፣ በዶሮም፣ በበሬ ሥጋም፣ በጾም ቀን በእንጉዳይም ይሰራዋል።

■ መጀመሪያ፦ ይሄ ሳንድዊች የማን ነው?

ከዳቦው የሚበልጠው ሥጋ አገሩ አሜሪካ ነው፤ በተለይ ኢንዲያናና አዮዋ የሚባሉት ግዛቶች። ሁለቱም በቆሎ በብዛት የሚመረትባቸው ናቸው፣ በቆሎው ደሞ አሳማ ይቀልባል። አዮዋ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ በአሳማ እርባታ አንደኛ ናት። እዛ የአሳማ ሥጋ ለሳንድዊች መዋሉ እኛ ጋ ጤፍ ለእንጀራ እንደመዋሉ ነው፤ ያለው እሱ ነው።

ታሪኩ ሲነገር ሁሌም የምትጠቀሰው ሃንቲንግተን የምትባል የኢንዲያና ትንሽ ከተማ ናት። ኒክ ፍራይንስታይን የሚባል ሰው በጋሪ እየዞረ ሳንድዊች ሲሸጥ ቆይቶ በ1908 እ.ኤ.አ. "ኒክስ ኪችን" የሚባለውን ምግብ ቤት ከፈተ። አካባቢው ከጀርመን አገር የመጡ ብዙ ሰዎች የሰፈሩበት ስለነበር፣ ሳንድዊቹ ሽኒትዘል ከሚባለው የጀርመኖችና የኦስትሪያዎች ጥብስ እንደተወለደ ብዙዎች ይስማማሉ። ሽኒትዘል በሳህን ቀርቦ በሹካና በቢላ ነው የሚበላው። አሜሪካኖቹ ያደረጉት ነገር ዳቦ ውስጥ አስገብተው በእጅ እንዲበላ ማድረግ ነው።

ጃፓኖችም የራሳቸው አላቸው። ቶኪዮ ውስጥ ጊንዛ ሰፈር ያለው "ሬንጋቴይ" ምግብ ቤት በ1899 እ.ኤ.አ. የአሳማ ሥጋን በፍርፋሪ ለውሶ በብዙ ዘይት መጥበስ እንደጀመረ ይነገራል። ዛሬ ቶንካትሱ የሚባለው ምግብ የመጣው ከዚህ ነው። ዳቦ ውስጥ ሲገባ "ካትሱ ሳንዶ" ይባላል። እሱን ደሞ በ1935 እ.ኤ.አ. እዛው ቶኪዮ ኡዌኖ ሰፈር ያለው "ኢሴን" የሚባል ቤት እንደጀመረው ይነገራል። በትንንሹ ተቆርጦ የሚቀርበው ጌሻ የሚባሉት አርቲስቶች ሊፕስቲካቸው ሳይበላሽ እንዲበሉት ነው ይባላል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ኢንዲያና ሥጋው ከዳቦው ይወጣል፣ ቶኪዮ ደሞ ከዳቦው ጋር እኩል ተከርክሞ በአንድ ጉርሻ ይገባል። አሰራሩ ግን አንድ ነው፦ ሥጋውን ማሳሳት፣ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ፍርፋሪ፣ የጋለ ዘይት።

■ "እኛ አሳማ አንበላም" ለምትሉ

ብዙዎቻችሁ እንደማትበሉ እናውቃለን። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም የአሳማ ሥጋ አይበላም። የሚበላም አለ፣ የራሱ ጉዳይ ነው። ለማይበላው ግን ጥሩው ዜና የሳንድዊቹ ጥፍጥና ከአሳማው የመጣ አለመሆኑ ነው።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ እስራኤል ነው። ከአውሮፓ የሄዱ አይሁዶች ሽኒትዘልን ይዘውት ገቡ። በሃይማኖታቸው አሳማ ክልክል ነው፣ አገሪቱ በተመሰረተችበት ጊዜ ደሞ የጥጃ ሥጋ እንደልብ አልነበረም። ስለዚህ በዶሮና በተርኪ ቀየሩት። ሥጋና ወተት አብሮ ስለማይበላም በቅቤ መጥበሱ ቀረና በዘይት ሆነ። ዛሬ እዛ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች "ሽኒትዘል" ሲባሉ አእምሯቸው ላይ የሚመጣው ዶሮ ነው፤ በፒታ ዳቦ ወይ በባጌት ከተቆረጠ ኪያር ጋር።

የጣልያን ምግብ የሚሰሩ ቤቶች የሚያቀርቡት ኮቶሌታም የዚሁ ዘመድ ነው። የሚላኖው ኮቶሌታ የጥጃ ሥጋ ነው።

■ ውጪ አገር ላላችሁ፦ ስሙን ብቻ አይታችሁ አትዘዙ

ይሄ ክፍል ለማይበሉት በጣም ይጠቅማል። ሜኑ ላይ "አሳማ" የሚል ቃል ሳይጻፍ አሳማ የሚመጣባቸው ስሞች አሉ።

• አሜሪካ፦ ኢንዲያናና አዮዋ አካባቢ "ተንደርሎይን ሳንድዊች" ካላችሁ የሚመጣው የአሳማ ነው። ሌላ ቦታ ተንደርሎይን ሲባል የበሬ ሥጋ ሊሆን ይችላል፣ እዛ ግን ቃሉ ብቻውን አሳማ ማለት ነው።

• ኦስትሪያና ጀርመን፦ "ዊነር ሽኒትዘል" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ በደንቡ የጥጃ ሥጋ መሆን አለበት። "ዊነር አርት" ወይም "ፎም ሽቫይን" የሚል ከተጨመረበት ግን አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው፤ "ሽቫይን" አሳማ ማለት ነውና። በርካሽ የሚሸጠውም በአብዛኛው እሱ ነው።

• የጃፓን ምግብ ቤት፦ "ቶንካትሱ" ውስጥ ያለው "ቶን" አሳማ ነው። ዝም ብሎ "ካትሱ" ወይም "ካትሱ ሳንዶ" ከተባለም በአብዛኛው አሳማ ነው። የዶሮ ከፈለጋችሁ "ቺክን ካትሱ" የሚለውን እዘዙ።

ሌላው፣ የዶሮውም የአሳማውም በአንድ ዘይት ሊጠበስ ይችላል። ለናንተ ይሄ ጉዳይ ከሆነ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

■ ምን ያስፈልጋል? (ለ4 ሰው)

• ሥጋ 600 ግራም፦ አጥንት የሌለው የአሳማ ሽንጥ፣ ወይ የዶሮ ደረት፣ ወይ ስስ የበሬ ወይም የጥጃ ሥጋ
• የፉርኖ ዱቄት 1 ኩባያ
• እንቁላል 2
• ወተት ወይም አሬራ 2 የሾርባ ማንኪያ (ከሌለ ውሃ)
• የዳቦ ፍርፋሪ 2 ኩባያ
• ጨው 1 የሻይ ማንኪያ፣ ቁንዶ በርበሬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
• ዘይት
• ክብ የበርገር ዳቦ 4
• ማጣፈጫው፦ ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ኮምጣጤ ውስጥ የቆየ ኪያር፣ ሰናፍጭ፣ ማዮኔዝ

ፍርፋሪውን አትግዙ። ከ2 ወይም 3 ቀን በፊት የተገዛ ዳቦ ካላችሁ ቆራርጣችሁ ፀሐይ ላይ ወይም በለዘብተኛ እሳት ምጣድ ላይ አድርቁት፤ እንጀራን ድርቆሽ እንደምናደርገው ማለት ነው። ከዛ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ በጠርሙስ ወይ በሊጥ መዳመጫ ፍጩት። እንደ ዱቄት እስኪልም ድረስ ግን አትሂዱ። ሻካራና ወጣ ገባ ያለ ፍርፋሪ ሲጠበስ የበለጠ ይንኮሻኮሻል። ጃፓኖቹ "ፓንኮ" የሚሉት ፍርፋሪ የሚወደደውም በዚህ ነው፤ ትልልቅና ቀለል ያለ ነው። ኢንዲያናና አዮዋ ያሉት ደሞ ብዙዎቹ በዳቦ ፋንታ የተፈጨ ጨዋማ ብስኩት ይጠቀማሉ። ጣፋጭ ብስኩት ግን አይሆንም፣ ስኳሩ ቶሎ ያርራል።

■ አሰራሩ፣ ከነምክንያቱ

1. ሥጋውን አሳሱት

ሥጋውን 150 ግራም፣ 150 ግራም አድርጋችሁ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቁረጡት። አንዱን ቁራጭ ፌስታል ውስጥ አስገቡና በሊጥ መዳመጫ ወይም በከባድ ድስት ቂጥ ከመሃል ወደ ዳር እየመታችሁ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር እስኪሆን አሳሱት። ፌስታሉ ሥጋው እንዳይበጣጠስና ወጥ ቤቱ ሁሉ እንዳይረጭ ያደርጋል። አቀጥቅጣችሁ አታድቅቁት፣ ቀስ ብላችሁ ነው።

እዚህ ጋ የትልቁ ሥጋ ምስጢር ይፈታል። 150 ግራም ሥጋ 2 ሳንቲ ሜትር ወፍራም ሆኖ ሳለ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ ማለትም ከበርገር ዳቦ ጋር እኩል ነው። ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ስታሳሱት ግን ስፋቱ 16 ወይም 17 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ሥጋው አንድ ግራም አልጨመረም! ተዘረጋ እንጂ። ብዙ የሚመስል ሳንድዊች በጥቂት ሥጋ ሰሩ ማለት ነው።

ማሳሳቱ ለዓይን ብቻ አይደለም። ጠንካራውን የሥጋ ጅማት ይሰባብራል፣ ስለዚህ ይለሰልሳል። ከምንም በላይ ደሞ ፍርፋሪው ወርቃማ ሲሆን ሥጋውም በዛው ደቂቃ ይበስላል። ወፍራም ከሆነ ወይ ውጪው ያርራል ወይ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ሦስተኛ ምርጫ የለውም።

2. ጨው አድርጉበትና አድርቁት

ሁለቱንም ጎን ጨውና ቁንዶ በርበሬ አድርጉበት። ከዛ በሶፍት ወይም በንጹህ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጋችሁ ውሃውን አንሱለት። ዶሮ በሎሚና በጨው አጥባችሁ ከሆነ ይሄ ደረጃ እጥፍ ያስፈልጋችኋል። የረጠበ ሥጋ ላይ የሚለጠፍ ነገር የለም። በዛ ላይ ውሃው ዘይት ውስጥ ሲገባ ፍንጣሪ ሆኖ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው።

3. ዱቄት፣ እንቁላል፣ ፍርፋሪ

ሦስት ሰፋ ያሉ ሳህኖች ደርድሩ። አንዱ ላይ ዱቄት፣ ሁለተኛው ላይ ከወተት ጋር የተመታ እንቁላል፣ ሦስተኛው ላይ ፍርፋሪ። ቅደም ተከተሉ አይቀየርም።

ለምን? ዱቄቱ ሥጋው ላይ የቀረችውን እርጥበት ይመጣል፣ እንቁላሉም የሚይዘው ሻካራ ነገር ያገኛል። እንቁላሉ ደሞ ሙጫ ነው። ሲሞቅ ይረጋና ፍርፋሪውን ሥጋው ላይ አጣብቆ ያስቀራል። ዱቄቱን ዘላችሁ በቀጥታ እንቁላል ውስጥ ብትነክሩት እንቁላሉ ከሥጋው ላይ ይንሸራተታል። ያ ተገሽልጦ ዘይት ውስጥ የሚቀረው ፍርፋሪ ከየት እንደመጣ ገባችሁ አይደል?

ዱቄቱ ሲበዛም ያው ነው። አንስታችሁ አራግፉት፤ ስስ ብናኝ ብቻ ነው የሚፈለገው። ፍርፋሪው ላይ ግን አትሰስቱ፣ በመዳፋችሁ ጫን አድርጉት። አንድ እጃችሁን ለደረቁ፣ አንዱን ለእርጥቡ ብታደርጉ ጣቶቻችሁ አብረው አይለወሱም።

4. 10 ደቂቃ አሳርፉት

ቪዲዮዎቹ የሚዘሉት ነገር ይሄ ነው። የተለወሰውን ሥጋ ሳትደራርቡ 10 ወይም 15 ደቂቃ አስቀምጡት፣ ፍሪጅ ካለ እዛ ውስጥ። ፍርፋሪው ከእንቁላሉ እርጥበት ይወስድና ይይዛል። እስከዛ ሽንኩርታችሁን ክተፉ።

5. ዘይቱን በትክክል አሙቁ

ወፍራም መጥበሻ ውሰዱ። 24 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መጥበሻ 700 ሚሊ ሊትር ገደማ ዘይት ብትጨምሩ ከፍታው 1.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ይበቃል። ጠርዙ አጭር የሆነ መጥበሻ ለዚህ አይሆንም። ድስት ከተጠቀማችሁ ደሞ ዘይቱ ከድስቱ አንድ ሦስተኛ አይለፍ፣ ሥጋው ሲገባ ይነሳልና።

የሚፈለገው ሙቀት ከ175 እስከ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ትንሽ ፍርፋሪ ጣል አድርጉ። ሰምጦ ዝም ካለ ገና ነው። ወዲያው "ሽሽሽ" ብሎ አረፋ እያወጣ ከተንሳፈፈ ደርሷል። ወዲያው ከጠቆረ ወይም ዘይቱ መጨስ ከጀመረ አልፏል፣ እሳቱን አጥፉና ይብረድ።

ሙቀቱ ለምን ይሄን ያህል አስፈለገ? ሥጋውና ልባሱ ውስጥ ውሃ አለ። ዘይቱ ሲግል ውሃው እንፋሎት ሆኖ በኃይል ወደ ውጪ ይወጣል። ያ የምታዩት አረፋ እሱ ነው። እንፋሎቱ ወደ ውጪ እየገፋ እያለ ዘይቱ ወደ ውስጥ መግባት ይከብደዋል። ዘይቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን እንፋሎቱ ደካማ ነው፣ ስለዚህ ፍርፋሪው ዘይት ይጠጣል። "ዘይት እንዳይበዛበት በትንሽ እሳት ልጥበሰው" የሚለው ሐሳብ ውጤቱ ተቃራኒ ነው።

6. አንድ በአንድ ጥበሱ

ሥጋውን ከናንተ ራቅ ባለው አቅጣጫ አስተኝታችሁ በቀስታ ልቀቁት። አትወርውሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ፤ ሁለት ሦስት ከጨመራችሁ የዘይቱ ሙቀት ይወርዳል። በእያንዳንዱ ጎን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በቂ ነው። ወርቃማ ቡኒ ሲሆን ገልብጡት። ስትገለብጡ በሹካ አትውጉት፣ በመቆንጠጫ ወይም በጭልፋ ያዙት።

7. ሲወጣ ፍርግርግ ላይ

አብዛኛው ዘይት ወደ ምግቡ የሚገባው እየተጠበሰ እያለ ሳይሆን ከወጣ በኋላ ነው። ሲበርድ ውስጡ ያለው እንፋሎት ይቀንስና ላዩ ላይ የቀረውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ እንዳወጣችሁት ወዲያው ዘይቱን አራግፋችሁ የሽቦ ፍርግርግ ላይ አድርጉት። ሶፍት ላይ ማድረግም ይቻላል፣ ግን ብዙ ካቆያችሁት ከስሩ በእንፋሎት ይለሰልሳል።

■ መብሰሉን በምን እናውቃለን?

እኛ ኢትዮጵያውያን ጥሬ ሥጋና ክትፎ እንወዳለን። አሳማና ዶሮ ላይ ግን "ለብ ለብ" የሚባል ነገር የለም። ጥሬ የአሳማ ሥጋ ትሪኪኔላ የሚባል ትል ሊኖርበት ይችላል። የኮሶ ትል ዓይነትም አለው፣ ይሄኛው የአንጎል በሽታ እስከማምጣት ይደርሳል። ጥሬ ዶሮ ደሞ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል።

የአሜሪካ የግብርና መስሪያ ቤት ያልተፈጨ የአሳማ ሥጋ ውስጡ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለ3 ደቂቃ ይረፍ ይላል። ይሄን መመሪያ ያወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በፊት 71 ዲግሪ ነበር። ለዶሮ 74 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ለሌለን ቀላሉ መንገድ በሚገባ ማሳሳትና የመጀመሪያውን ከመሃል ቆርጦ ማየት ነው። ሮዝ ሆኖ ጥሬ የሚመስል ነገር ካለ አልደረሰም፣ ቀሪውንም ትንሽ አቆዩት። ጥሬ ሥጋ የነካ መክተፊያ፣ ቢላና እጅ ሳይታጠብ ሰላጣና ዳቦ አይንካ። የተረፈ እንቁላልና ፍርፋሪም ለሌላ ቀን አይቀመጥም።

■ ⚠️ ይሄን ክፍል እንዳትዘሉት፦ የጋለ ዘይት

ዘይት እሳት ከያዘ፦

• ውሃ በፍጹም አታድርጉበት! ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። የሚነደውን ዘይት ወደ ላይና ወደ ፊታችሁ ይበትነዋል።
• ማጥፋት ከቻላችሁ ምድጃውን አጥፉ።
• በብረት ክዳን ክደኑት። አየር ሲያጣ ይጠፋል። ቶሎ አትክፈቱት፣ በደንብ እስኪበርድ ጠብቁ።
• ድስቱን አንስታችሁ ወደ ውጪ ለመሮጥ አትሞክሩ።
• ክዳኑ ካልሰራና እሳቱ ከተስፋፋ ሰው ይዛችሁ ውጡ፣ እርዳታ ጥሩ።

ስለዚህ መጥበስ ከመጀመራችሁ በፊት ልኩ የሆነ ክዳን አጠገባችሁ ይኑር። የመጥበሻው እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር። ሕጻናት አይቅረቡ። ዘይት እሳት ላይ ጥዳችሁ ስልክ ለማንሳት አትሂዱ። ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ ሌላ ሰው ይቅረጽላችሁ፣ በአንድ እጅ ስልክ ይዞ መጥበስ አይሆንም።

በከሰል የምትጠብሱ ሁለት ነገር አስቡ። ከሰል እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ቁልፍ የለውም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ትንሽ ከሰል ተጠቀሙ፣ የማይወዛወዝ መቀመጫም ይኑረው። ደሞ በተዘጋ ቤት ውስጥ አይሆንም፤ የከሰል ጭስ ሳይታይና ሳይሸት ይገድላል።

ዘይት ካቃጠላችሁ ቦታውን 20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ያዙት። ቀለበትና አምባር ቶሎ አውልቁ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዱቄት አትቀቡ። ሙቀቱን ውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል። ሰፊ ከሆነ፣ ፊት ወይም እጅ ላይ ከሆነ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም የተቃጠለው ሕጻን ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

■ አሁን ሳንድዊቹ

ሥጋው ፍርግርግ ላይ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይረፍ። ወዲያው ዳቦ ውስጥ ካስገባችሁት እንፋሎቱ ዳቦውን ያረጥበዋል። እስከዛ ዳቦውን ከመሃል ሰንጥቃችሁ የውስጡን ጎን መጥበሻ ላይ ትንሽ አሙቁ። የታችኛው ዳቦ ላይ ሰናፍጭ፣ የላይኛው ላይ ማዮኔዝ ቀቡ። ከታች ሥጋው፣ ከላዩ ሽንኩርት፣ ኪያር፣ ቲማቲምና ሰላጣ። ኢንዲያና ውስጥ የለመዱት ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ኮምጣጣ ነገር የግድ ነው። ጥብሱ ቅባት አለው፣ ኪያሩና ሰናፍጩ ያንን ይቆርጡታል። ኮምጣጤ ውስጥ የቆየ ኪያር ካጣችሁ ትኩሱን በስሱ ቆርጣችሁ በኮምጣጤ፣ በጨውና በቁንጥር ስኳር 20 ደቂቃ አቆዩት፤ ቃሪያም አብራችሁ መክተት ትችላላችሁ።

ቅመም የምትወዱ፣ ሚጥሚጣውን ማዮኔዙ ውስጥ አማሱት እንጂ ፍርፋሪው ውስጥ አትጨምሩ። በርበሬና ሚጥሚጣ በጋለ ዘይት ቶሎ ያርራሉ፣ ይመራሉ።

የጃፓኑን ከፈለጋችሁ ለስላሳ አራት ማዕዘን ዳቦ ውሰዱ፣ በቀጭኑ የተከተፈ ጥቅል ጎመን ጨምሩ፣ ጠርዙን ቆርጣችሁ ለሦስት ክፈሉት።

■ በጾምስ?

እንቁላልና ወተት ይወጣሉ፣ ሥጋውም ይወጣል፣ አሰራሩ ይቀራል። እንደ ሙጫ የሚያገለግል ነገር ያስፈልጋል፦ 4 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በ6 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ ስስ ሊጥ አድርጉ። እንደ እርጎ ወፈር ብሎ መፍሰስ አለበት። ትልልቅ የእንጉዳይ ቁራጭ፣ ስስ ደበርጃን፣ ወይም ተቀቅሎ ጠፍጠፍ የተደረገ ድንች በዱቄት፣ በሊጡ፣ በፍርፋሪው አሳልፋችሁ ጥበሱ። ፍርፋሪ የምታደርጉት ዳቦ ወተትና ቅቤ የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ። በማዮኔዝ ቦታ የተፈጨ አቮካዶ በሎሚ ይሆናል።

■ ዘይቱን አትድፉት፣ ግን ለዘላለምም አታቆዩት

ሙሉ በሙሉ ሲበርድ በንጹህ ጨርቅ ወይም በሻይ ማጥለያ አጥልሉት። የቀረው ፍርፋሪ ነው በሚቀጥለው አርሮ ዘይቱን የሚያጠቁረው። በተዘጋ ዕቃ፣ ብርሃን በማያገኘው ቦታ አስቀምጡትና ለሌላ ጥብስ ተጠቀሙ። አሳማ ጠብሳችሁበት ከሆነ ዕቃው ላይ ጻፉበት፣ ቤት ውስጥ የማይበላ ሰው ሊኖር ይችላል። ከጠቆረ፣ ከወፈረ፣ ሳይሞቅ ከጨሰ ወይም መጥፎ ከሸተተ አበቃለት። ሲጣል ደሞ ጠርሙስ ውስጥ ዘግታችሁ ነው እንጂ ሲንክ ውስጥ አይፈስም፤ ቧንቧ ይደፍናል።

■ በአጭሩ

• ሥጋው 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር፣ ደረቅ
• ዱቄት፣ እንቁላል፣ ፍርፋሪ፤ ከዛ 10 ደቂቃ እረፍት
• ዘይቱ ከ175 እስከ 180 ዲግሪ፣ አንድ በአንድ
• ፍርግርግ ላይ፣ ከዛ ዳቦ ውስጥ
• ክዳን አጠገብ፣ ውሃ ሩቅ

የቪየናው በጥጃ፣ የኢንዲያናውና የቶኪዮው በአሳማ፣ የቴል አቪቩ በዶሮ ሰርቶታል። በየአገሩ ሥጋው ተቀየረ፣ ቅደም ተከተሉ ግን አልተቀየረም። ስለዚህ "ይሄ ሥጋ የለኝም" ብላችሁ አትተዉት፤ ያላችሁን ይዛችሁ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

ሞክራችሁ ፎቶውን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን፣ በምን ሥጋ እንደሰራችሁትም ጻፉልን። ከሁሉ በፊት ግን የዘይት እሳቱን ክፍል እቤት ወጥ ለሚሰሩ ሰዎች ሼር አድርጉ። ሳንድዊቹን ለማይበላውም ይጠቅመዋል። መልካም ማዕድ ቤተሰብ!